ከፀሐይና ከነፋስ ስለሚገኝ የኤሌክትሪክ ኃይል

ሪያድ ውስጥ ለሚማር ኢትዮጵያዊ ፀሐይ ሀብት ናት ብለው ቢነግሩት መሳቁ አይቀርም። በሰኔ ወር ሙቀቱ ከ42 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ከመኝታ ቤታችን እስከ መማሪያ ክፍል ያለችው አጭር መንገድ እንኳ የአንድ ቀን ጉዞ ትመስለናለች፤ ፀሐይን የምናውቃት ጥላ በመፈለግ ነው። የሚያድነን የክፍላችን ማቀዝቀዣም የሚሠራው በአብዛኛው ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ተቃጥሎ በሚገኝ ኤሌክትሪክ ነው። ወደ አገራችን መለስ ስንል ደግሞ የምናገኘው ሌላ ዓይነት ሁኔታ ነው። ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከመቶ ዘጠናው እጅ በላይ የሚገኘው ከውኃ ግድብ ሲሆን፣ ከገጠሩ ሕዝብ እጅግ ብዙው ግን ዛሬም ማታ ማታ የሚያበራው ኩራዝ ወይም በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መብራት ነው።

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ “እዚህ አገር በረሃው ሁሉ መስተዋት ሊለብስ ነው ይባላል፤ ለእኛስ ይሆነናል?” የሚል ጥያቄ ከአንድ አባላችን ተነሥቶ ነበር። ክርክሩ ረዘመ እንጂ መልስ አላገኘም፤ አብዛኞቻችንም የተከራከርነው አሠራሩን ሳናውቅ ነበር። ስለዚህ በዚህ እትም ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። የፀሐይ ሰሌዳ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው በብርሃን ነው እንጂ በሙቀት አይደለም። ሰሌዳው የሚሠራው ከአሸዋ ተጣርቶ ከሚወጣ ሲሊከን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው። አንደኛው ገጽ በጥቂቱ ፎስፈረስ፣ ሌላው ገጽ ቦሮን ይጨመርበታል፤ በዚህም ምክንያት ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ኤሌክትሮኖችን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚገፋ ኃይል ይፈጠራል። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖቹ ከቦታቸው ይላቀቃሉ፤ ያ ኃይል ይገፋቸዋል፤ በሽቦ ሲያገናኟቸው ኤሌክትሪክ ሆነው ይፈሳሉ። የሚሽከረከር ነገር የለም፤ የሚጮህ ነገር የለም። ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለው ቤክሬል የተባለው ፈረንሳዊ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1839 ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ለሥራ የሚሆን የሲሊከን ሰሌዳ በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ የተሠራው ግን በ1954 ነው። ያን ጊዜ ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ ስድስት እጅ ያህሉን ብቻ ነበር፤ ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ከመቶ ሃያ እጅ በላይ ይለውጣል።

አሁን በሒሳብ እንየው። ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ በቀጥታ ስታበራ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ኃይል 1,000 ዋት ያህል ነው። ከዚህ ላይ ሃያ በመቶው 200 ዋት ይሆናል። ሆኖም ይህ የተለካው ሰሌዳው 25 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ነው። ሪያድ ላይ በበጋ ቀትር ሰሌዳው ራሱ 65 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ከ25 በላይ ለሚጨምር ለያንዳንዱ ዲግሪ ደግሞ ከኃይሉ ከመቶ 0.35 እጅ ያህል ይቀነሳል። አርባ ዲግሪ ሲጨምር አሥራ አራት በመቶ ጠፋ ማለት ነው፤ የቀረው 172 ዋት ነው። የአቧራውን ጉዳይ ገና አላነሣንም። ሰሌዳውን አቧራ ሲሸፍነው ጉዳቱ ከሙቀቱ ሊብስ ይችላል፤ ማጠቢያ የሚሆነው ውኃ ደግሞ በዚህ አገር ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ስለዚህም በትላልቆቹ ጣቢያዎች ያለ ውኃ በብሩሽ የሚጠርጉ መኪናዎች ይሠራሉ።

ይህንኑ ሰሌዳ ደብረ ብርሃን ወስደን ብንተክለው ምን ይሆናል? አየሩ ብርድ ስለሆነ ሰሌዳው 45 ዲግሪ ቢደርስ ነው፤ የሚጠፋው ሰባት በመቶ፣ የሚቀረው 186 ዋት ይሆናል። ደጋችን ለፀሐይ ኃይል ከበረሃው የማያንስ መሆኑን ብዙዎቻችን አስበነው አናውቅም ነበር። ግን ፈጥነን አንደሰት፤ የአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ፍላጎት 3,500 ዋት ያህል ነው። ለአንድ ምጣድ ብቻ 19 ካሬ ሜትር ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ያውም እንጀራ የሚጋገረው ቀትር ላይ፣ ደመና በሌለበት ከሆነ ነው። ለመብራት፣ ለሬዲዮ፣ ለስልክ፣ ለክትባት ማቀዝቀዣ ፀሐይ ጥሩ መፍትሔ ናት። ለጓዳው እሳት ግን እንዲህ በቀላሉ አትደርስም።

በሪያድ የምንኖር ሁሉ ልናውቀው የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በአል ዑየይና “የፀሐይ መንደር” የተባለ ጣቢያ አለ። በ1977 ሳዑዲ ዓረቢያና አሜሪካ በተፈራረሙት ውል መሠረት በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ሲሆን ጉልበቱ 350 ኪሎ ዋት ነበር። ሰሌዳዎቹ ዛሬ እንደምናያቸው ጠፍጣፋ አልነበሩም፤ ብርሃኑን በምስሪት ሰብስበው በትንሽ ሲሊከን ላይ የሚያሳርፉ፣ ፀሐይንም እየተከተሉ የሚዞሩ ነበሩ። ሲሊከን ውድ በነበረበት ጊዜ ይህ ብልኅነት ነበር። ችግሩ ምስሪት መሰብሰብ የሚችለው ቀጥተኛውን ብርሃን ብቻ መሆኑ ነው፤ አቧራ አየሩን ሲሞላው ብርሃኑ ይበተናል፣ ምስሪቱም ሥራ ይፈታል። በአካባቢው ለነበሩት ጥቂት መንደሮች መብራት የሰጠው ይህ ጣቢያ ነበር፤ በኋላም ከጀርመኖች ጋር በመተባበር በፀሐይ ኤሌክትሪክ ውኃን ከፍሎ ሃይድሮጅን የማውጣት ሙከራ ተደርጎበታል።

ከአርባ ዓመት በኋላ በ2021 ውሉ የተፈረመው፣ ከሪያድ በስተሰሜን የሚገኘው የሱደይር ጣቢያ 1,500 ሜጋ ዋት ነው፤ ከአል ዑየይናው ከአራት ሺሕ ጊዜ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሸጥበት ዋጋም በ1.24 የአሜሪካ ሣንቲም ተዋውሏል። ይህን ቁጥር ሰምተን “ለአገራችንም እንዲሁ ይሁንልን” ማለት ይቀናል። ዋጋው የወረደው ግን ሰሌዳው ስለረከሰ ብቻ አይደለም፤ መሬቱ ባዶና ሰፊ ነው፣ ደመና ጥቂት ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ገንዘቡ በዝቅተኛ ወለድ ይገኛል። የፀሐይ ጣቢያ ወጪው በሙሉ ማለት ይቻላል መጀመሪያ ላይ የሚከፈል ነው፤ ነዳጅ አይገዛም፣ ዕዳ ግን ይከፈላል። በውጭ ምንዛሪ ለሚበደር አገር አንድ ዓይነት ሰሌዳ እዚህና እዚያ አንድ ዓይነት ዋጋ የለውም።

ወደ ነፋሱ እንሻገር። የነፋስ ተርባይን አሠራር ከወፍጮ ብዙም አይርቅም። ክንፉ ይሽከረከራል፤ ዘንጉ በማማው ጫፍ ያለውን ጄኔሬተር ያዞራል፤ ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲዞር ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ይህም ፋራዴይ በ1831 ያገኘው ሕግ ነው። ዋናው ምሥጢር ያለው ከነፋሱ ፍጥነት ላይ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 4 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ክንፉን ለማንቀሳቀስ ያህል ብቻ ሲበቃ፣ 8 ሜትር የሆነ እንደሆነ ጥሩ ሥራ ይሠራል፤ 25 ሜትር ሲደርስ ደግሞ እንዳይሰበር ማሽኑ ራሱን ያቆማል። ቤትዝ የተባለው ጀርመናዊ በ1919 እንዳሰላው፣ ከነፋሱ ጉልበት ከመቶ 59 እጅ በላይ መውሰድ በምንም ዓይነት ማሽን አይቻልም፤ ሁሉንም ብንወስድ ነፋሱ ከክንፉ ኋላ ይቆምና ለሚከተለው መንገድ ይዘጋበታል።

ሳዑዲ የመጀመሪያውን ትልቅ የነፋስ ጣቢያ በሰሜን በዱማት አል ጀንደል በ99 ተርባይኖች የተከለችው በ2021 ነው። እኛ በዚህ ቀድመናል። የአዳማ አንደኛው 51 ሜጋ ዋት በ2012፣ ከመቀሌ አጠገብ ያለው የአሸጎዳው 120 ሜጋ ዋት በ2013፣ የአዳማ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት በ2015 ተሠርተዋል። ይሁንና ለፀሐይ የጠቀመን ደጋ ለነፋስ ጥቂት ያጎድልብናል። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚነፍሰው ነፋስ ክንፉን የሚገፋው በዚያው መጠን ቀለል ብሎ ነው።

የሁለቱም የጋራ ጉድለት ሲፈለጉ አለመገኘታቸው ነው። ፀሐይ ማታ የለችም፤ ነፋስ ሲሻው ይተኛል። ሪያድ በበጋ ሌሊትም ማቀዝቀዣ አታጠፋም፤ ስለዚህ ወይ ጋዝ ይቃጠላል ወይ በውድ ባትሪ ይቀመጣል። በዚህ ረገድ ግን ኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች የተሻለ ዕድል አላት። በአዳማና በመሰሉት ቦታዎች ነፋሱ የሚጠነክረው በበጋ ወራት፣ ወንዞች በሚጎድሉበት ጊዜ ነው። ነፋሱ ሲነፍስ የግድቡ ውኃ ይጠራቀማል፤ ነፋሱ ሲተኛ ውኃው ይለቀቃል። በመስከረም 2025 የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የሕዳሴ ግድብ በዚህ ዓይን ሲታይ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ብቻ ሳይሆን የነፋስና የፀሐይ ጎተራ ሊሆን ይችላል። ባትሪ ብንገዛ ስንት ያስከፍለን እንደነበረ የምሕንድስና ተማሪዎቻችን ያስሉት።

ዋናው መሥመር ለማይደርስበት ገጠር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በመካከለኛው ኢትዮጵያ ባለች አንዲት መንደር 10.5 ኪሎ ዋት የፀሐይ ሰሌዳ ተተክሎ 300 ያህል ቤተሰቦች መብራት አግኝተው ነበር፤ ለያንዳንዱ ቤት ሲካፈል 35 ዋት ነው። በ1989 ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ የውኃ መሳቢያና ወፍጮ ጨመሩበት።

በዚህ ጉዳይ የራሳችንም ትንሽ ገጠመኝ አለችን። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጓደኛችን ከዚህ ከተማ ሱቅ የፀሐይ ፋኖስ ገዝቶ ለእናቱ ወሰደ። ሁለተኛው ክረምት ሳይወጣ ጠፋ። እናቲቱ “ዕቃህ ዐረፈ” ብለው ከመደርደሪያ ላይ አኖሩት፤ ወደ ኩራዙም ተመለሱ። ዘንድሮ ይዞት መጣና በመኝታ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ፈታነው። ሰሌዳው ደኅና ነው፤ አምፖሉ ደኅና ነው፤ የሞተው ባትሪው ብቻ ነበር። 3.2 ቮልት መስጠት ሲገባው 0.9 ይሰጥ ነበር። ሱቁ መለዋወጫ እንደማይሸጥ ነግሮ መለሰን፤ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሌላ ባትሪ በጥቂት ሪያል አግኝተን በየዱልን ሽቦውን አገናኘነው። በርቷል። ሁለት መለዋወጫ ባትሪዎችና የአገጣጠሙን ሥዕል በአማርኛ ጽፈን አብረን አሽገናል፤ በሚቀጥለው ወር ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው ይወስደዋል።