የክረምቱ ምርምርና የወላጅ ምርቃት

በአሜሪካ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት፥ በዐቢይ ጾም ሰሞን አንድ ጥያቄ ሲነሣ እንሰማለን። ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጅ ደብዳቤ ይዛ ትመጣና «በዕረፍቱ ወራት ወደ ሌላ ከተማ ሄጄ ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር ምርምር እንድሠራ ተመርጫለሁ» ትላለች። አባት ዝም ይላል። እናት ግን «ዓመቱን ሙሉ ስትማሪ ከርመሽ በዕረፍቱም ልትማሪ ነውን? ሥራ ይዘሽ ለቤት ኪራዩ ብታግዢን አይሻልምን?» ትላለች። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ሁለት ሥራ እየሠራ ልጁን ለሚያስተምር ወላጅ የአንድ ክረምት ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለምና። ስለዚህ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ልንገልጽ ወደድን።

ይህ ዓይነቱ ትምህርት የቆየ ነው። የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የክረምት ምርምሩን የጀመረው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ብሔራዊው የሳይንስ ፋውንዴሽንም በ1987 እ.ኤ.አ. ለዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ እየሰጠ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በምርምር እንዲሠለጥኑ የሚያደርግ መርሐ ግብር አቋቋመ። በ1986 እ.ኤ.አ. በጠፈር መርከብ አደጋ በሞተው በሮናልድ ማክኔር ስም የተሰየመው መርሐ ግብር ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና ወላጆቻቸው ዲግሪ ለሌላቸው ተማሪዎች ጭምር የታሰበ ነው። የፋውንዴሽኑ መርሐ ግብር ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። ጊዜው አብዛኛውን ከ8 እስከ 10 ሳምንት ነው። ተማሪው ገንዘብ አይከፍልም፤ ይልቁንም አበል ይቀበላል፤ በብዙ ስፍራም መኝታ ይሰጠዋል። በማዕረግ የሚማሩ ልጆች በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ስለሚጠበቅባቸው፥ ብዙዎቹ መሠረቱን የሚጥሉት በዚህ ወቅት ነው።

በእነዚያ ሳምንታት ልጅቱ የምትሠራው ምንድር ነው? በክፍል ሳለች የምትጠየቀው ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ በመምህሩ ዘንድ የታወቀ ነው። በዚህ ግን መልሱን መምህሩም አያውቀውም። ትንሽ ጥያቄ ይሰጣታል፤ ሌሎች የጻፉትን ታነባለች፤ በላቦራቶሪም ሆነ በቤተ መጻሕፍት ያየችውን ዕለት ዕለት በደብተር ትመዘግባለች፤ በፍጻሜው በጉባኤ ፊት ቆማ ትናገራለች። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል ይኖር ይሆናል። ሊጡ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነተኛ ሊጥ ነው። አንዳንድ ጊዜም ፍሬው በሳይንስ መጽሔት ሲታተም የተማሪዋ ስም ከመምህሯ ስም ጋር ይሰፍራል።

ይህስ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? አባቶቻችን በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፥ አኩፋዳ አንግተው፥ መምህር ፍለጋ ወደ ጎንጅና ወደ ዋሸራ ይሄዱ አልነበረምን? በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ በመድገም ብቻ አይመሰገንም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል። ተቀባይ የነበረው ልጅ ሰጪ መሆንን የሚጀምረው በዚያች ቀን ነው። የክረምቱ ምርምርም በዘመናዊው ትምህርት ይህን የመሰለ ደጅ ነው።

ከዚህም በላይ ለነፍስ የሚጠቅም ነገር አለበት። አሥር ሳምንት ደክማ የጠበቀችው ውጤት ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ያላየችውን አየሁ ብላ እንዳትጽፍ፥ ያልሆነውንም እንዳልሆነ አድርጋ በጉባኤ ፊት እንድትናገር ትገደዳለች። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ በላቦራቶሪ ደብተር ላይም ይሠራል።

ወላጆች ግን ልጃቸውን ሲሰዱ ስንቋን ያስቡላት። ጾመ ሐዋርያት በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ይውላል፤ ጾመ ፍልሰታም በፍጻሜው ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በተማሪዎች ምግብ ቤት የጾም ምግብ መኖሩን አስቀድማ ትጠይቅ፤ በአቅራቢያው የሚገኘውን ቤተ ክርስቲያናችንን ትፈልግ፤ ከንስሐ አባቷም ጋር ትምከር።

አበሉ ከደመወዝ ቢያንስና ቤቱ በእውነት ቢቸገር፥ ልጅቱን መውቀስ አይገባም፤ በራሷ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ወራት እየተከፈላት በምርምር የምትረዳው ፕሮፌሰር መኖሩን ትጠይቅ። አቅሙ ያለው ወላጅ ግን የእንቢታን ቃል ከመናገሩ በፊት ያንን አኩፋዳ ያስታውስ። የቆሎ ተማሪ እናት ልጇን ስትሰድ የምትሰጠው ገንዘብ አልነበራትም፤ ጥቂት ቆሎ ቋጥራ፥ በደጅ ቆማ መረቀችው። ዛሬም ልጃችን ሻንጣዋን ስታነሣ የምትጠብቀው ይህንኑ ምርቃት ነው።