ከመሬት በታች ያሉ ኬብሎችና ቱቦዎች እንዴት ይታወቃሉ? አደጋውስ የቱ ላይ ነው?

የኤክስካቫተር ጥርስ የኤሌክትሪክ ኬብል ቢበጥስ ወይም የጋዝ ቱቦ ቢቀድ የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። በአሜሪካ የአጥር ምሰሶ ለመትከል እንኳ የሚቆፍር ሰው አስቀድሞ ወደ 811 እንዲደውል የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ከጥሪው በኋላ ባለሙያዎች መስመሮቹን በቀለም ያመለክታሉ። ቀይ የኤሌክትሪክ፣ ቢጫ የጋዝ፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ፣ ብርቱካናማ የመገናኛ፣ አረንጓዴ ደግሞ የፍሳሽ መስመር ነው።

መሣሪያቸው ምልክት አስተላላፊና ተቀባይ አለው። አስተላላፊው በብረት መስመሩ ውስጥ ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይልካል፤ ፍሰቱም በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ተቀባዩ ከምድር በላይ ሆኖ የሚከታተለው ይህንን መስክ ነው።

ለባለሙያው ትልቁ አደጋ ያለው አስተላላፊው ከመስመሩ ጋር በሚያያዝበት ቅጽበት ነው።

ኤሌክትሪክ ባለበት ኬብል ላይ የአስተላላፊውን ሽቦ በቀጥታ ማሰር ለሞት ሊዳርግ ይችላል። በምትኩ የኬብሉን ሽፋን ከውጭ የሚያቅፍ መቆንጠጫ ይሠራበታል፤ ወይም አስተላላፊው ከመስመሩ በላይ መሬት ላይ ተቀምጦ ያለ ንክኪ ምልክት ይልካል። የብረት ቱቦም በብልሽት ምክንያት ኤሌክትሪክ ሊይዝ ስለሚችል ከመነካቱ በፊት ይለካል።

መስመሩ ኤሌክትሪክ እንደሌለው ከተረጋገጠ፣ አስተላላፊው ሳይበራ አንዱ ሽቦ ቀለሙና ዝገቱ በተፋቀ ብረት ላይ ይያያዛል። ሌላው ከመስመሩ በ90 ዲግሪ ርቆ መሬት ውስጥ ከተተከለ የብረት ችካል ጋር ይታሰራል። መሣሪያው የሚበራው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሽቦዎቹ ከመፈታታቸው በፊትም ይጠፋል።

በችካሉ ፈንታ የጎረቤት ቱቦን ወይም የብረት አጥርን መጠቀም ስህተት ነው። ምልክቱ በእነሱ ላይ ስለሚጓዝ ቀለሙ የተሳሳተ ቦታ ላይ ሊቀባ ይችላል።

የሞገዱ ድግግሞሽም ልዩነት ያመጣል። እንደ 512 ሄርዝ ያለው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ሩቅ ይጓዛል፤ እንደ 33 ኪሎ ሄርዝ ያለው ግን ወደ አጎራባች መስመሮች በቀላሉ ይዛመታል።

የፕላስቲክ ቱቦ ደግሞ አብሮት የተቀበረ የብረት ሽቦ ከሌለ ለዚህ ዘዴ ምላሽ አይሰጥም። ስለዚህ የተቀባዩ ዝምታ ከሥር ምንም እንደሌለ ማረጋገጫ አይሆንም።

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከመስመሩ ግራና ቀኝ ከ18 እስከ 24 ኢንች ባለው ርቀት ውስጥ በእጅ መሣሪያ በጥንቃቄ እንዲቆፈር የሚታዘዘውም ቀለሙ የመስመሩን ግምታዊ ቦታ ብቻ ስለሚያሳይ ነው።