የኤሌክትሪክ መኪና የሰርቪስ ውል ቀድሞ መግዛት ይገባልን?

«ለተማሪ የመኪና ነገር ምኑ ነው?» ብሎ ገጹን ለመግለጥ የሚቸኩል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም ብንሆን የባጃጅ ሒሳብ የሚያሳስበን የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች እንጂ ባለመኪኖች አይደለንም። ይሁን እንጂ ባለፈው ወር ከላንቴ አንድ ወረቀት መጣብንና ከመጻሕፍታችን ለይቶ ስለ ፍሬን ዘይትና ስለ ባትሪ ስናጠያይቅ እንድንከርም አደረገን።

ላንቴን የማያውቅ በመካከላችን ጥቂት ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ ሲሄዱ ጫኖን አልፎ፥ በስተቀኝ የአባያን ሐይቅ፥ በስተግራ የጋሞን ተራራ ይዞ የሚገኝ የሙዝ አገር ነው። የአንዳችን አጎት በዚያ የሙዝ ማሳ አላቸው። ስማቸውን አንጽፍም፤ ሁላችንም ጋሼ ስለምንላቸው እዚህም ጋሼ እንበላቸው። ጋሼ ለብዙ ዓመት ባጠራቀሙት ገንዘብ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ቈርጠዋል። አዲስ አበባ የሚገኘው ሻጭ፥ ከመኪናው ዋጋ በላይ ሌላ 90,000 ብር ዛሬ ቢከፍሉ ሦስት ዓመት ሙሉ ስድስት ጊዜ «ሙሉ ሰርቪስ» ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚያደርግላቸው የሚገልጽ ውል ሰጣቸው። (ቍጥሩን ለስሌት እንዲመች ክብ አድርገነዋል።) ጋሼም ወረቀቱን ሙዝ በጫነ አይሱዙ ላኩልንና በስልክ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፥ እናንተ ፊደል የቈጠራችሁ ናችሁ፤ አንብባችሁ ንገሩኝ። ይህን ካወጣሁ የልጅቱ የኮሌጅ ገንዘብ ይጎድላል። ካላወጣሁ ደግሞ መኪናው ቆሞ እንዳይቀርብኝ እፈራለሁ።»

ጋሼ የኤሌክትሪክ መኪና የመረጡት ለዘመናዊነት ብለው አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ካስታወቀ ወዲህ አዲስ መኪና የሚሻ ሰው ምርጫው ጠቧል። የማደያው ሰልፍም ራሱ የሚመክረው ነገር አለ። ስለዚህ እርሳቸው የያዙት ጥያቄ ነገ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነው፤ ይህንንም ገጽ የምንሞላው ስለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ያጋጠመን እንቅፋት የቃል ነው። ሰው «ሰርቪስ ገዝቻለሁ» ሲል ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን ያደባልቃል። ዋስትና ማለት ዕቃው በራሱ ጉድለት ቢበላሽ ፋብሪካው ወይም ወኪሉ ያለ ዋጋ ሊጠግነው የሚገባው ቃል ኪዳን ነው፤ ዋጋው ከመኪናው ጋራ አብሮ ተከፍሏል። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ለትልቁ ባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ያህል ዋስትና ይሰጣሉ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የባትሪው አቅም ከ70 በመቶ በታች ቢወርድ ይጠግናሉ ወይም ይለውጣሉ። ኢንሹራንስ ደግሞ ለግጭት፥ ለስርቆትና ለእሳት ነው። ቀድሞ የሚከፈል የሰርቪስ ውል ከሁለቱም አይደለም። ወደ ፊት በየጊዜው የሚደረገውን ምርመራና የፊልትሮ ለውጥ ዛሬ መግዛት ነው እንጂ መኪናው ቢበላሽ አይጠግንም። ጋሼ ግን 90,000 ብሩን ከከፈሉ ባትሪው ቢሞት ሌላ የሚተካላቸው መስሏቸው ነበር። እንዲህ የሚል መስመር በወረቀቱ ላይ ፈልገን አላገኘንም።

ታዲያ የኤሌክትሪክ መኪና በየጊዜው የሚሻው እንክብካቤ ምን ያህል ነው? የቤንዚን መኪና ያለውን ሰው ጋራዥ የሚያመላልሰው ምን እንደ ሆነ አስቡ፤ የሞተር ዘይት፥ የዘይት ፊልትሮ፥ ካንዴላ፥ የነዳጅ ፊልትሮ፥ የሞተር ቺንጊያ፥ ማርሚታ። የኤሌክትሪክ መኪና ከእነዚህ አንዱም የለውም። የቀረው ጥቂት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ይታያል፥ ይለወጣልም። ለተሳፋሪው የሚገባውን አየር የሚያጣራው ፊልትሮ አቧራ በሚበዛበት አገር በየዓመቱ ቢለወጥ ደግ ነው። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ መጠኑ መታየት አለበት። መብራቱንና በሩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪም እንደ ማንኛውም መኪና ባትሪ አርጅቶ ይሞታል።

የፍሬኑ ጠባይ ደግሞ አስገርሞናል። ነጂው እግሩን ከመርገጫው ሲያነሣ ሞተሩ ወደ ዲናሞነት ይለወጥና መኪናውን እያዘገመ ባትሪውን ይሞላል። ስለዚህ የፍሬኑ ሸራ ብዙ አይበላም፤ ሕመሙ ከሥራ ብዛት ሳይሆን ከሥራ ማጣት የሚመጣ ዝገት ነው። ጎማው ግን በተቃራኒው ነው፤ መኪናው በባትሪው ምክንያት ከባድ፥ አነሣሡም ኃይለኛ ስለ ሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል። እንግዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ደጅ የሚጠናው ጎሚስታው ነው ማለት ይቻላል። ጎማ ደግሞ በጋሼ ውል ውስጥ የለበትም!

የአሜሪካው ቴስላ ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ዓመታዊ የሰርቪስ ዕቅድ መሸጡን ትቶ ባለመኪናው ሲያስፈልገው ብቻ እንዲመጣ አድርጓል። ነጋዴ ይሸጠው የነበረውን ነገር በፈቃዱ ሲተው ምክንያቱን መጠየቅ ደግ ነው።

ነገር ግን «እንግዲያው ምንም አያስፈልገውም» ማለት ሌላ ስሕተት ይሆናል፤ ይልቁንም ለቆላ ሰው። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በረሃማ ክፍል በአሪዞና የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች ባትሪያቸው ከተነገራቸው ፈጥኖ እየደከመ እንደ ሆነ አቤት አሉ። የዚያ መኪና ባትሪ የፈሳሽ ማቀዝቀዣ አልነበረውም። ኩባንያው በመጨረሻ ለአቅም መቀነስ የ5 ዓመት ወይም የ60,000 ማይል ዋስትና ጨመረ። ዛሬ ከሚሠሩት መኪኖች ብዙዎቹ ባትሪያቸውን በፈሳሽ ያቀዘቅዛሉ፤ ስለዚህ በላንቴ ሙቀት የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ መመልከትና ራዲያተሩን ከአቧራና ከሣር ማጽዳት ቸል የሚባል አይደለም። ሆኖም ልብ በሉ፤ የአሪዞናዎቹን ሰዎች የካሳቸው ዋስትናው እንጂ የሰርቪስ ውል አልነበረም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። ውሉ ሰርቪሱ «በየ6 ወሩ ወይም በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ፥ ከሁለቱ በቀደመው» እንዲደረግ ያዝዛል። ጋሼ ከማሳ ወደ አርባ ምንጭ፥ አልፎ አልፎም ወደ ሶዶ ቢመላለሱ በወር ከ800 ኪሎ ሜትር አይበልጡም፤ በ6 ወር 4,800፥ በሦስት ዓመት 28,800 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በኪሎ ሜትር ቢቈጠር ከሁለት ሰርቪስ በላይ አይደርስባቸውም ነበር፤ «ከሁለቱ በቀደመው» የምትለዋ ቃል ግን ስድስት አደረገችው። 90,000 ለስድስት ሲካፈል እያንዳንዱ 15,000 ብር ነው። ለስድስት ይከፍላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ሁለት ወይም ሦስት ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የከበደን ግን መንገዱ ነው። ጋራዡ አዲስ አበባ ነው። ከአርባ ምንጭ እስከዚያ ወደ 500 ኪሎ ሜትር፥ ደርሶ መልስ 1,000። በስድስት ወር 4,800 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፥ ከዚያ ከአምስት አንዱን የሚያህል መንገድ ፊልትሮ ለማስለወጥ ብቻ ይጨምራል ማለት ነው። ዳገቱም አለ። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ፥ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናቸው፤ የፊዚክስ ተማሪ የሆነ ጓደኛችን ሁለት ቶን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ በደብተራችን ጠርዝ ላይ አሰላልን። በመንገድ ባትሪ መሙላት፥ ማደር፥ መብላት ሲታከል ሦስት ቀን ይሄዳል። ሙዝ ደግሞ ባለቤቱን የሚጠብቅ ሰብል አይደለም፤ ጋሼ ከማሳ በተለዩ ቀን ዋጋውን ደላላው ብቻውን ይወስናል።

ለውሉ የሚሟገት አንድ ጠንካራ ነገር አለ፤ እሱን ብንሸሽግ ሐቀኞች አንሆንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ58 ብር በታች የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት ለሦስት ዓመት ሰርቪስ ከፍሎ የነበረ ሰው በአሮጌው ዋጋ አዲስ ዕቃ አገኘ ማለት ነው። ከእኛ አንዱ በዚህ ነገር ተረትቶ «ይግዙት!» እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ዳሩ ግን ለገዢው እጅግ የሚጠቅመው ጊዜ ለሻጩ እጅግ የሚከብደው ጊዜ ነው። መለዋወጫው እጥፍ ሲሆንበት ሻጩ ወይ «ዕቃው አልመጣም» እያለ ያመላልሳል፥ ወይ ሱቁን ይዘጋል። ገንዘቡ ቀድሞ እጁ ገብቷልና።

ይህን ስናወራ ከመካከላችን አንዱ «እድርስ ቀድሞ የሚከፈል አይደለም ወይ?» አለ። እውነት ነው፤ ወላጆቻችን ለማይታወቅ ቀን በየወሩ ይከፍላሉ፥ ማንም አያማርርም። ነገር ግን የእድሩ ድንኳንና ወንበር በሰፈር ነው፤ ዳኛውም እሑድ እሑድ የሚታይ ጎረቤት ነው፤ ቢያጎድል በአደባባይ ይጠየቃል። በ500 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ እድር ውስጥ ገንዘቡን የሚያኖር የላንቴ ሰው የለም።

ወረቀቱን ገልብጠን ስናነብ ደግሞ በክፍል የተማርነው ሰምና ወርቅ ትዝ አለን። ሰሙ በፊተኛው ገጽ በጉልህ ፊደል «ሙሉ ሰርቪስ» ይላል፤ ወርቁ በኋለኛው ገጽ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ጎማ፥ የፍሬን ሸራ፥ የ12 ቮልት ባትሪና የዝናብ መጥረጊያ አይጨምርም። በጊዜው ያልተወሰደ ሰርቪስ ይቃጠላል። መኪናው ቢሸጥ ቀሪው ገንዘብ አይመለስም፥ ለአዲሱ ባለቤትም አይተላለፍም። «ምርመራ» የሚለው ቃል ዘጠኝ ጊዜ፥ «መለወጥ» የሚለው ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ተጽፎ ቈጠርን።

አንድ ነገር ግን ከውሉ ለይተን ለጋሼ ነግረናቸዋል። ሰርቪስ ማስደረግና ቀድሞ መክፈል ሁለት ነገሮች ናቸው። የፋብሪካው ዋስትና መኪናው በየጊዜው እንዲታይ የሚያስገድድ ከሆነ ማሳየቱ አይቀርም፤ ደረሰኙንም መጠበቅ ያሻል። ነገር ግን በየጊዜው እየከፈሉ ማሳየት ይቻላል። ደግሞም የዋስትናው ባለቤት ማን እንደ ሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። ወደ አገራችን ከገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ፥ መስኮታቸውም በቻይንኛ የሚጽፍ ነው፤ አስመጪው የፋብሪካው ወኪል ካልሆነ የስምንት ዓመቱ ቃል ኪዳን እዚህ ድረስ ላይከተላቸው ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሚጠየቅ ይደነግጋል፤ ሆኖም የሚከሰሰው ሰው አድራሻው እንዲታወቅ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ በሦስት ገጽ ጽፈን ባለፈው ቅዳሜ ለጋሼ በስልክ አነበብንላቸው። እርሳቸውም እስኪያልቅ በትዕግሥት ሰሙንና «ባለሙያው ላንቴ ይመጣል ወይስ አይመጣም?» አሉ። ሦስት ገጻችን ውስጥ ይህ ጥያቄ አልነበረም። ሰኞ ዕለት ሻጩን ራሳቸው ጠየቁት፤ ባለሙያዎቹ ከአዲስ አበባ እንደማይወጡ ነገራቸው። ጋሼ በዚያው ውሉን ተዉት። መኪናውን ግን አልተዉም። ከ90,000 ብሩ ጥቂቱን የቤታቸውን የመብራት መሥመርና የመሬት ሽቦ በደንብ ለሚያበጅ ኤሌክትሪሻን ሊከፍሉ፥ የቀረውን ለልጅቱ ሊያኖሩ አስበዋል፤ አርባ ምንጭ ውስጥም የፍሬን ዘይት መለወጥና ፊልትሮ መግጠም የሚችል ሰው እየፈለጉ ነው። ከአንባቢ መካከል የሚያውቅ ካለ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቢነግርልን እናደርስላቸዋለን። የውሉ ግልባጭ፥ የሻጩ ስም ተሸፍኖ፥ በዚያው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፤ ከኋለኛው ገጽ ጀምራችሁ አንብቡት።