በሶፊና በኤረር ሸለቆ የዱር እንስሳትና የመልክዓ ምድር ጥበቃ የተግባር ልምምድ ማድረግ ለሚፈልጉ ተማሪዎች የተሰጠ ማብራሪያ

ሶፊ ከኤረርና ከድሬ ጥያራ ጋር በሐረሪ ሕዝብ ክልል ከሚገኙት ሦስት የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው። የወረዳው አርሶ አደር ማሽላ፣ በቆሎና ጫት ያለማል፤ ፍየልና ከብት ያረባል፤ ሌሊት ደግሞ በማሳውና በበረቱ ዙሪያ ከሚዘዋወሩ የዱር እንስሳት ጋር ይጎራበታል። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው በተፈጥሮ ሀብት፣ በዱር እንስሳት፣ በሥነ ሕይወት፣ በቱሪዝምና በተዛማጅ የትምህርት መስኮች የሚማሩና በአካባቢው ከማኅበረሰቡ ጋር የመስክ ልምምድ ማድረግ የሚፈልጉ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ወላጆቻቸውና የሚልኳቸው የትምህርት ክፍሎች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባውን ለማስገንዘብ ነው።

አካባቢው ለልምምድ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ነው። መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ ሲሆን፣ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ይዞ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ውስጥ ይገኛል። የጎበሌ፣ የኤረር፣ የዳካታና የፋፈም ሸለቆዎች ውሃቸውን ወደ ዋቢ ሸበሌ የሚልኩት በዚሁ መጠለያ አልፈው ነው። በመጠለያው የሚኖረው የዝሆን መንጋ ከሌሎች የአገራችን ዝሆኖች ተነጥሎ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ የቀረ ነው። እንዲህ ያለ መንጋ አንድ ጊዜ ከጠፋ ከሌላ ቦታ በራሱ ተጉዞ የሚተካው የለም። ሕገ ወጥ ሰፈራ፣ የማገዶና የከሰል ምንጣሮ፣ የእርሻ መስፋፋትና የዝሆን ጥርስ አደን ለዓመታት ሲያጠቁት ቆይተዋል። ዝሆን ግን የመጠለያውን ካርታ አያነብም። የሚከተለው ውሃውንና መኖውን ነው፤ ስለዚህ የመንጋው ዕጣ በመጠለያው ጠባቂዎች ብቻ ሳይሆን በዙሪያው በሚያርሰው ገበሬም እጅ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጅብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሐረር ጁገል ግንብ ጅብ ሾልኮ የሚገባባቸው ዝቅተኛ ቀዳዳዎች አሉት። የከተማው ሰው በሐረሪ ቋንቋ «ወራባ ኑዱል» ይላቸዋል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሥጋ ሲጎርስ ለማየት የሚመጣውን ጎብኚ ሁሉም ያውቀዋል። የአሹራ ዕለት ለጅብ ገንፎ የሚቀርብበት ልማድ ከከተማ ውጭ ብዙም አይታወቅም። አንትሮፖሎጂስቱ ማርከስ ቤይንስ ሮክ በሐረር ተቀምጦ ይህን የሰውና የጅብ ጉርብትና ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 መጽሐፍ አሳትሞበታል። ይሁንና ተማሪዎች ከከተማው ትርኢት ተነሥተው ስለ ገጠሩ እንዳይደመድሙ ማሳሰብ ያስፈልጋል። በሶፊ ፍየሉን ሌሊት የተነጠቀ ሰው ስለ ጅብ የሚናገረው ከግንቡ ሥር ፎቶ የሚያነሳ እንግዳ እንደሚናገረው አይደለም። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ እንስሳ ነው፤ በመዝገብ መስፈር ያለበትም የሁለቱም ቃል ነው።

ማኅበረሰብ አቀፍ ጥበቃ የሚባለው ነዋሪውን ለአንድ ቀን ስብሰባ መጥራት ወይም ችግኝ ማስተከል አይደለም። መሬቱ መቼ እንደሚዘጋ፣ ማን ምን ያህል ሣር እንደሚያጭድ፣ ሕጉን የተላለፈ ምን እንደሚቀጣ ነዋሪው ራሱ የሚወስንበት አሠራር ነው። በአገራችን በሰፊው የሚጠቀሰው ምሳሌ በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ ነው። እዚያ የአካባቢው ሕዝብ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ በመኖሩ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አብረው ተጠብቀዋል። የሶፊ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። መሬቱ በአብዛኛው በግል ይዞታ የታረሰ ነው፤ ጫትም ለአርሶ አደሩ ዋና የገንዘብ ምንጭ ስለሆነ አንድ ጥማድ መሬት ከእርሻ ውጭ ማድረግ ቀላል ውሳኔ አይደለም። በዚህ አካባቢ ነዋሪውና ባለሙያው በጋራ የሚሠሩት ሥራ በይበልጥ በተፋሰስ ላይ ያተኮረ ነው፦ እርከን መሥራት፣ ቦረቦር መዝጋት፣ የተራቆተ ኮረብታን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ማድረግ። የሐሮማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ መድረቁ ለዚህ ሥራ ያለውን ትርጉም ለሐረር ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። የከተማዋ ቧንቧ ከዚያ ሐይቅ ይቀዳ ነበር፤ ከየተራራው ታጥቦ የወረደው ደለልና ለመስኖ ያለገደብ የተሳበው ውሃ ሐይቁን ሜዳ አደረጉት። በኋላ ዝናብ ሲጨምርና ሥራ ሲሠራ ውሃው ተመልሷል።

ተማሪው በመስክ የሚሠራው

ሥራው የሚጀምረው ማለዳ፣ ዱካ በፀሐይና በከብት እግር ሳይጠፋ ነው። ተማሪው ከአካባቢው መንገድ መሪ ጋር በተወሰነ የቅኝት መስመር እየሄደ ዱካ፣ ዓይነ ምድር፣ የተሰበረ ቅርንጫፍና የተጋጠ ቅርፊት ይመዘግባል። የዝሆን የፊት እግር ዱካ ክብ ሲሆን የኋላው ሞላላ ነው። የፊተኛውን ዙሪያ በሜትር ለክቶ በሁለት ማባዛት የእንስሳውን የትከሻ ቁመት በግምት ይሰጣል፤ በዚህም ግልገልን ከአዋቂ መለየት ይቻላል። የጅብ ዓይነ ምድር ሲደርቅ የሚነጣው በልቶ ከፈጨው አጥንት የተነሣ ነው። በአንዳንድ ጥናቶች ዛፍ ላይ ታስሮ እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ይጠቀማሉ። ካሜራው በሰው መተላለፊያ ላይ የሚተከል ከሆነ ነዋሪው አስቀድሞ ሊያውቅና ሊስማማ ይገባል። ውሃ ቀጂ ሴቶች ሳያውቁ ፎቶ የተነሡበት መንደር ለሚቀጥለው ተማሪ በሩን አይከፍትም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የሰብል ጉዳት ምዝገባ ነው። ጉዳቱን ያደረሰው ማን እንደሆነ ከማሳው ላይ ይነበባል። ዝሆን አገዳውን ከነሥሩ ይነቅላል፣ ይረግጣል፤ ዝንጀሮ እሸቱን ልጦ በየቦታው ይጥላል፤ ከርከሮ መሬቱን ይቆፍራል፤ ጃርት አገዳውን ከሥሩ ይቆርጣል። የተጎዳው ማሳ ስፋት በሜትር ይለካል፤ ባለማሳው የሚሰጠው ግምትም ለብቻው ይጻፋል እንጂ ከልኬቱ ጋር አይቀላቀልም። በዚህ ጊዜ ባለማሳው «ካሳው መቼ ይመጣል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የልምምድ ተማሪ ካሳ የመክፈልም ሆነ የማስከፈል ሥልጣን የለውም። ይህን መናገር ያለበት መዝገቡን ከመክፈቱ በፊት ነው። ወሬ ለማግኘት ሲባል ተስፋ መስጠት ነዋሪውን ማታለል ከመሆኑም በላይ፣ ጉዳቱ እየተጋነነ እንዲነገር ስለሚያደርግ መረጃውን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ተማሪው ማቅረብ የሚችለው የታወቀ የመከላከያ ዘዴ ነው። ለምሳሌ በኬንያ ሉሲ ኪንግ ባደረገችው ጥናት ዝሆኖች ንብን እንደሚሸሹ በመረጋገጡ በማሳ ዙሪያ ቀፎ በገመድ እያያያዙ የማጠር ዘዴ ተስፋፍቷል። በሌላ አገር የሠራ ሁሉ ግን እዚህ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ቀፎ ንብ የሚቀስመው አበባ በሌለበት ባዶ ሳጥን ነው።

የመረጃ ምስጢራዊነት ሌላው ጉዳይ ነው። ዝሆን የታየበትን ቦታ የጂ.ፒ.ኤስ. ነጥብ ወይም ቦታው የሚለይበትን ፎቶግራፍ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ ለአዳኝ መንገድ ማሳየት ነው። ዘመናዊ ስልኮች ፎቶ የተነሣበትን ስፍራ በምስሉ ውስጥ ስለሚመዘግቡ፣ ይህ አገልግሎት ወደ መስክ ከመውጣት በፊት መጥፋት አለበት።

ለማመልከት ምን ያስፈልጋል

ተማሪው በቅድሚያ ከትምህርት ክፍሉ ስሙን፣ የትምህርት መስኩን፣ የልምምዱን ጊዜና ኃላፊ መምህሩን የሚገልጽ የድጋፍ ደብዳቤ ሊይዝ ይገባል። ከደብዳቤው ጋር ምን መሥራት እንደሚፈልግ የሚያስረዳ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ዕቅድ ቢያያይዝ ይመረጣል። «የዱር እንስሳትን ማጥናት» የሚል ዕቅድ ለማንም ኃላፊ አይረዳም። በየትኛው ቀበሌ፣ ምንን፣ ለስንት ሳምንት እንደሚመዘግብ የሚገልጽ ግን ቶሎ መልስ ያገኛል።

በሶፊ ቀበሌዎች ለሚሠራ ሥራ ጥያቄው የሚቀርበው የተፈጥሮ ሀብትንና ግብርናን ለሚመሩት የክልሉና የወረዳው ጽሕፈት ቤቶች ነው። ወደ ባቢሌ መጠለያ መግባትና በዚያ ጥናት ማድረግ ግን የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል። ከወረዳ የተጻፈ ደብዳቤ ይህን ፈቃድ አይተካም። ፀጉር፣ አጥንት፣ ዘር ወይም ሌላ ናሙና መሰብሰብ የሚፈልግ ተማሪም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የተደነገገውን ማወቅና ከመምህሩ ጋር አስቀድሞ መወያየት ይኖርበታል። የባህል መድኃኒት ዕውቀትን ከአዛውንቶች መመዝገብም በዚሁ አዋጅ የሚነካ ጉዳይ ነው።

የመጓጓዣ፣ የምግብና የመኝታ ወጪን ማን እንደሚሸፍን ከመነሣት በፊት በጽሑፍ መታወቅ አለበት። መንገድ የሚመራው ሰው የቀን አበልም እንዲሁ። አርሶ አደሩ የሥራ ቀኑን ትቶ ሲከተል «ማኅበረሰቡ ተባባሪ ነው» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ሴት ተማሪዎች ሁለት ሆነው ቢመደቡና ማረፊያቸው አስቀድሞ ቢታይ መልካም ነው፤ በጓዳና በውሃ መንገድ ያለውን ጉዳይ ከሴቶች ጋር ቁጭ ብለው መመዝገብ የሚችሉትም እነርሱ ናቸው።

በወረዳው በስፋት የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። ቋንቋውን የማይችል ተማሪ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል፤ ቢያንስ ዝሆን «አርባ»፣ ጅብ «ወራቤሳ» እንደሚባል አውቆ መምጣቱ ግን ሰላምታውን ያቀልለታል። የዓርብ ቀትር የጁምዓ ሰዓት ስለሆነ ቃለ መጠይቅ አይያዝም፤ በረመዳንም የሥራው ሰዓት ከነዋሪው ጋር በመመካከር ይስተካከላል።

ስለ ደኅንነት

ያለ ስካውት ወይም ያለ መንገድ መሪ ብቻውን ወደ ዝሆን መኖሪያ መግባት ክልክል እንደሆነ ተማሪው ይቁጠረው። ዝሆን በእግር አይጠጋም፤ የነፋሱም አቅጣጫ ከሰው ወደ እንስሳው መሆን የለበትም። የኤረር ሸለቆ ቆላማ በመሆኑ የወባ መከላከያ አጎበር ያስፈልጋል። በጅብ፣ በውሻ ወይም በሌላ አጥቢ እንስሳ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ የሚጠቅመው ቀድሞ ሲወሰድ ነው። በሐረር ማታ ጅብ ማጉረስ የልምምዱ አካል አይደለም።

ልምምዱ ሲያበቃ ለዩኒቨርሲቲው ከሚገባው ሪፖርት ሌላ፣ ግኝቱን በሁለትና ሦስት ገጽ፣ ነዋሪው በሚያነበው ቋንቋ አሳጥሮ ለቀበሌው ማስረከብና ማሳው ለተለካባቸው ሰዎች በቃል ማስረዳት ከተማሪው ይጠበቃል። የመስክ ማስታወሻው ቅጂ፣ የቅኝት መስመሮቹ መነሻና ፎቶግራፍ የተነሣባቸው ድንጋዮች ምልክት በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀመጣሉ። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪም ከዚያው ድንጋይ ላይ ቆሞ ያንኑ ኮረብታ ያነሳል።