የሰፈር ማመንጫና የከተማ መስመር፦ ያልተማከለ ኃይል ከግሪድ ጋር የሚጣመርበት መንገድ

ያልተማከለ የኃይል ማመንጫ የሚባለው ከታላላቅ ግድቦች ርቆ፣ ኃይሉ ሥራ ላይ በሚውልበት ቦታ ወይም በአቅራቢያው የሚተከል አነስተኛ ማመንጫ ነው። በዚህ ትርጉም፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚገኝበት፣ በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው ካዛንቺስ በየሆቴሉና በየቢሮ ሕንፃው ጓሮ በተተከሉት ጄኔሬተሮች ምክንያት ማመንጫ የቸገረው ሰፈር አይደለም፤ ጄኔሬተሮቹ ግን ሆን ተብሎ ከከተማው መስመር የተነጠሉ ናቸው።

የሚነጥላቸው ቼንጅኦቨር የተሰኘው መቀያየሪያ ሲሆን፣ መብራት ሲጠፋ ሕንፃውን ከመስመሩ ቆርጦ ለጄኔሬተሩ ያስረክባል። ተለዋዋጩ ከረንት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ሁለት ምንጮች በቮልቴጅ፣ በፍጥነትና በምት ሳይገጥሙ ቢጣመሩ በመካከላቸው የሚፈሰው ከረንት የጄኔሬተሩን ጥቅል ሽቦ ሊያቃጥል፣ ዘንጉንም ሊጎዳ ይችላል።

በሶላር ረገድ ይህን የማጣጣም ሥራ የሚሠራው ኢንቨርተር ነው፤ ከሰሌዳዎቹ የሚመጣውን ቀጥተኛ ከረንት ወደ ተለዋዋጭ እየቀየረ የግሪዱን፣ ማለትም የከተማውን መስመር፣ ምት ይከተላል። መስመሩ ሲቋረጥ ግን፣ በስፋት የሚሠራበት ዓለም አቀፍ መስፈርት እንደሚያዘው፣ በ2 ሰከንድ ውስጥ ራሱን ማውጣት አለበት፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር 15,000 ቮልቱን ወደ 380 እንደሚያወርድ ሁሉ፣ ከታች ከተመገበ 380ውን መልሶ ወደ 15,000 ያወጣዋልና፣ መስመሩ ተቋርጧል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህም ብዙ ገዢ በማይጠብቀው መልኩ፣ ባትሪ የሌለው የተጣመረ ሶላር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከጄኔሬተር ጋር ይሥራ ቢባልም፣ ትርፉ ወደ ጄኔሬተሩ እንዳይመለስ የሚገታ መቆጣጠሪያ ይፈልጋል።

የመስመሩ ባለቤት ደግሞ ሌላም ሥጋት አለበት። ቢሮዎች በሚዘጉበት እሑድ እኩለ ቀን ላይ የጣሪያዎቹ ምርት ከሰፈሩ ፍጆታ ከበለጠ፣ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ የጎረቤትን ዕቃ ሊያበላሽ ስለሚችል፣ የትራንስፎርመሩ አቅም፣ የኬብሉ ውፍረትና የመከላከያዎቹ ቅንጅት አስቀድሞ መጠናት ይኖርበታል።

በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል ማመንጨትና ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስርጭትና ሽያጭ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስለተሰጡ፣ የጣሪያ ማመንጫ የሚገጥመው ሁለተኛውን ተቋም ነው። ለጣሪያ ባለቤት ከሁሉ የቀደመው ጥያቄ የቆጣሪው ነው፤ አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪዎች አቅጣጫ ስለማይለዩ፣ በሁለት አቅጣጫ በሚቆጥር ካልተተኩ ወደ መስመሩ የተላከውን ኃይል እንደ ፍጆታ ቆጥረው በደንበኛው ላይ ይጽፉታል።