ትኩሳታም ላይ የደረብኩት ጋቢ

«ያቺን ራስበሪ ፓይህን በምን አቀዘቀዝካት?» ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ መልሱ ይኸው። መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ስለነበር፣ ከተሳካው ይልቅ ስለ እሱ ብጽፍ ይሻላል።

የእኔዋ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣችው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ራስበሪ ፓይ 4 ናት። የቤቱን ፎቶና ፊልም ይዛ የምታድለው እሷ ናት። ቲቪው ጀርባ፣ ዙሪያው በተዘጋ የፕላስቲክ ኬዝ ውስጥ ነበር የሸጎጥኳት። አንድ ቀን ፊልሙ መሃል ላይ መንተባተብ ጀመረ። ሙቀቷን ባይ 82 ዲግሪ! ይህች ኮምፒውተር 80 ላይ ስትደርስ ራሷን ለማዳን ፍጥነቷን መቀነስ ትጀምራለች፤ 85 ላይ ደግሞ ጭራሽ ትዝላለች። እንግዲህ አልተበላሸችም፣ ደክሟት ነው።

ምናለሽ ተራ ወርጄ ከአሮጌ ማዘርቦርድ የተነቀለ፣ ሙቀት ተቀብሎ ወደ አየር የሚበትን የአሉሚኒየም ሂትሲንክ ገዛሁ። ስፋቱ አራት ሳንቲም ነው። የእሷ ፕሮሰሰር ግን አንድ ሳንቲም ተኩል ያህል ብትሆን ነው፤ አጠገቧ ያሉት ፒኖችም ከፍ ስለሚሉ ሰፊ ብረት አያስጠጉም። ስለዚህ በሰጌቶ ቆርጬ በሞረድ አስተካከልኩት። (ስትቆርጡ ከቦርዱ ራቅ በሉ፤ አንዲት የብረት ብናኝ ሁለት ፒን ካገናኘች ሾርት ነው።) ከዚያ ሁለቱም ፊቱ በሚያጣብቅ ወፍራም የስፖንጅ ፕላስተር ለጠፍኩት። ያ ሁሉ ብረት ተጭኖባት 79 አለች። ያን ያህል ሞርጄ ሦስት ዲግሪ!

ነገሩ የገባኝ ሂትሲንኩን በጣቴ ስነካው ነው። ለብ እንኳን አላለም። ከታቹ ያለው ፕሮሰሰር እየነደደ ብረቱ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ሙቀቱ ገና አልደረሰውም ማለት ነው። ስፖንጅ እኮ የታሰረ አየር ነው፤ አየር ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ ከአሉሚኒየም 8,000 ጊዜ ያህል ያንሳል። ጋቢ የሚያሞቀንም በውስጡ በያዘው አየር ነው። እኔ ለካ ትኩሳታም ላይ ጋቢ ደርቤ፣ በጋቢው ላይ ብረት ጭኜባታለሁ።

ፕላስተሩን ልጬ ቴርማል ፔስት ቀባሁ። ፔስቱ ራሱ ከብረት ጋር ሲወዳደር ደካማ አስተላላፊ ነው። ሥራው ዓይን የማያየውን ጭረትና ጎድጓዳ ሞልቶ አየሩን ማስወጣት ብቻ ነው። የሩዝ ፍሬ የምታህል ጠብታ ትበቃለች፤ ዳቦ ላይ እንደሚቀባ ማርማላታ የሚለቀልቁት ሰዎች ብረትና ብረት እንዳይገናኝ እየከለከሉ ነው። ፔስት ስለማያጣብቅ፣ በቦርዱ አራት ማዕዘን ባሉት ቀዳዳዎች የፕላስቲክ ሽፋኑ ያልተላጠ ቀጭን የስልክ ሽቦ አሳልፌ፣ ሂትሲንኩን ወደ ታች ጠፍሬ አሰርኩት።

ኬዙንም ጣልኩት፤ ቦርዷን ደግሞ በጎኗ አቆምኳት። የሞቀ አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የሂትሲንኩ ክንፎች ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብለው ከቆሙ በመካከላቸው እንደ ጭስ ማውጫ ይስባሉ፤ አግድም ከሆኑ ግን እርስ በርስ መንገድ ይዘጋጋሉ። በዚህ ብቻ፣ ያለ ምንም ፋን፣ 64 ገባች።

እዚህ ላይ አንድ የአዲስ አበባ ነገር አለ። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆንን፣ አየራችን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ኢንተርኔት ላይ «እኔ ጋ 55 ነው» የሚሉት ሰዎች ቁጥር እኛ ጋ ላይሠራ ይችላል፤ የሚክሰን የቤታችን ብርድ ነው።

ፋን ካስፈለገ፣ የአሮጌ ኮምፒውተር የ12 ቮልት ፋን ብዙ ጊዜ በ5 ቮልትም ይዞራል፤ ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ። ቦርዷ ላይ አልቀጠልኩትም፤ የተጣለ የዩኤስቢ ገመድ ቆርጬ፣ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አያይዤ በስልክ ቻርጀር ነው የማስነሳው። ከሰል በማራገቢያ እንደማርገብገብ ነው፤ እዚህ ግን ለማብረድ። 48 ወረደች።

ቻርጀሩን ማታ ማታ እህቴ ለስልኳ ትወስደዋለች። መጀመሪያ እንጨቃጨቅ ነበር። አሁን ጠዋት ተነስቼ 64 የሚለውን አየዋለሁ፣ ዝም ብዬ ቡናዬን እጠጣለሁ።