ባልተጫወቱት ጨዋታ መውረድ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓርብ ዕለት፣ ጤና ሚኒስቴር በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱን አስታወቀ። በዚያው ዕለት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተቋረጠ። የአርሰናሉ አሰልጣኝ ሚኬል አርቴታ በቫይረሱ መያዙ የታወቀው ከአንድ ቀን በፊት ማታ ነበር፤ ክለቦቹ በማግስቱ በአስቸኳይ ሲነጋገሩ ከመቆም ሌላ ምርጫ አላገኙም። ሦስት ቀን ቆይቶ የእኛም መንግሥት ትምህርት ቤቶችን፣ ስብሰባዎችንና የስፖርት ውድድሮችን ለ15 ቀናት አገደ። አሥራ አምስቱ ቀን ምን ያህል እንደረዘመ ሁላችንም እናውቃለን።

ወረርሽኝ ስታዲየም ለምን እንደሚያዘጋ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የካቲት 11 ቀን አታላንታና ቫሌንሲያ በሻምፒዮንስ ሊግ ሚላን ላይ ሲገናኙ ከ40 ሺህ በላይ ተመልካች ገብቶ ነበር፣ አብዛኛው ከቤርጋሞ የመጣ። አታላንታ 4 ለ 1 አሸነፈ፣ ደጋፊው ተቃቅፎ ጨፈረ። ሳምንታት ሳይቆጠሩ ቤርጋሞ በአውሮፓ ክፉኛ ከተጠቁ ከተሞች አንዷ ሆነች፤ ያ ምሽት ለስርጭቱ የራሱ ድርሻ ሳይኖረው እንዳልቀረ የጠረጠሩ የጣሊያን ሐኪሞች ጥቂት አልነበሩም። ስለዚህ መዝጋቱ አላከራከረም። ያከራከረው ከተዘጋ በኋላ የመጣው ጥያቄ ነው፦ ያላለቀውን የደረጃ ሰንጠረዥ ምን እናድርገው?

ጥያቄው ለምን እንደከበደ ለመረዳት ሊግ በምን ላይ እንደቆመ ማየት ይጠቅማል። እያንዳንዱ ቡድን ከሌላው ጋር ሁለት ጊዜ ይገናኛል፣ አንዴ በሜዳው፣ አንዴ ከሜዳው ውጪ። ፕሪሚየር ሊጉ 20 ክለቦች ስላሉት ለእያንዳንዱ 38 ጨዋታ ይደርሰዋል። ሰንጠረዡ ሙሉ እውነቱን የሚናገረው የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ከኃያላኑ ጋር ተጫውቶ ተገላግሏል፣ ሌላውን ገና ይጠብቁታል፤ አንዱ ተስተካካይ ጨዋታ አለው፣ ሌላው የለውም። በደህናው ጊዜ ይህ ማንንም እንቅልፍ አይነሳም፣ ወቅቱ እስኪያልቅ ሁሉም ይስተካከላልና። ወረርሽኙ ሰንጠረዡን ያቆመው ባልተስተካከለበት ቀን ላይ ነው።

በዚያ ዓመት ሊጉ ሲቆም 92 ጨዋታዎች ይቀሩ ነበር። ሊቨርፑል በ29 ጨዋታ 82 ነጥብ ሰብስቦ ማንቸስተር ሲቲን በ25 ነጥብ ይመራል። ለ30 ዓመት የናፈቀውን ዋንጫ ለመውሰድ ከዘጠኝ ጨዋታ ሁለት ማሸነፍ ብቻ ይበቃዋል። ውድድሩ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ሲነሳ የሊቨርፑል ደጋፊ ወዳጅ ያለው ሰው ሁሉ ቀልዱን አልማረውም። እውነቱን ለመናገር ግን የሊቨርፑል ጉዳይ ቀላሉ ነበር፤ ሻምፒዮንነቱን ከልቡ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ጭንቁ ያለው ነጥብ ከነጥብ በተነካካበት፣ በማደግና በመውረድ መስመር ላይ ነው።

ይህን ለማየት ሁለት እርከን ወደ ታች ወርዶ ሊግ ዋን የሚባለውን ውድድር መመልከት ይሻላል። የሊግ ዋን ክለቦች ሰኔ 2 ቀን ድምፅ ሰጥተው መደበኛው ውድድር እዚያው ላይ እንዲያበቃ ወሰኑ። ደረጃ የሚወጣው የእያንዳንዱ ክለብ ነጥብ ለተጫወተው ጨዋታ ብዛት ተካፍሎ ሆነ። ዊኮምብ ዋንደረርስ በ34 ጨዋታ 59 ነጥብ ነበረው፤ ሲካፈል 1.74 ይመጣል። ፒተርቦሮም 59 ነጥብ ነበረው፣ ግን በ35 ጨዋታ፤ 1.69። በ35 ጨዋታ 60 ነጥብ የያዙት እነ ፖርትስማውዝ 1.71 ሆኑ። በዚህ ስሌት ስምንተኛ የነበረው ዊኮምብ በአንድ ነጥብ የሚበልጡትን ሁሉ ዘሎ ሦስተኛ ላይ ተቀመጠ። ስድስተኛ የነበረው ፒተርቦሮ ሰባተኛ ሆኖ ለማደግ ከሚደረገው የመለያ ጨዋታ ውጪ ቀረ። ዊኮምብ ሐምሌ 6 ቀን በባዶው ዌምብሌይ ኦክስፎርድ ዩናይትድን 2 ለ 1 ረታና በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሁለተኛው እርከን አደገ። በሩን የከፈተለት ያልተጫወተው ጨዋታ ነው።

ከታች ደግሞ ትራንሚር ሮቨርስ አለ። በ34 ጨዋታ 32 ነጥብ፣ 0.94። ከወራጅ ቀጠናው በላይ የነበረው ዊምብልደን በ35 ጨዋታ 35 ነጥብ፣ 1.00። ትራንሚር ተስተካካይ ጨዋታውን ቢያሸንፍ በነጥብ እኩል ይሆን ነበር፤ ሊጉ የቆመውም በተከታታይ ሦስት ጨዋታ አሸንፎ ነፍስ በዘራበት ሰሞን ነው። ለዊኮምብ ሲሳይ የሆነው ተስተካካይ ጨዋታ ለእሱ አልሠራለትም፤ ወረደ። ስሌቱ ስህተት የለበትም። ክፍፍል ግን ክለቡ እስከዚያ ቀን የነበረውን እንጂ የተሻሻለውን አያይም፤ በየካቲት ያገገመ ቡድን በነሐሴው ድክመቱ ጭምር ይለካል። የትራንሚር ቅሬታ ይህ ነበር፣ እኔም ቅሬታው እውነት አለው ከሚሉት ወገን ነኝ።

ታዲያ ፕሪሚየር ሊጉ ቀሪውን ሲጫወት ሊግ ዋን ለምን አልተጫወተም? ቫይረሱ አንድ፣ ሀገሩ አንድ። ልዩነቱ ገንዘቡ የሚመጣበት በር ነው። የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ትልቁ ገቢ የቴሌቪዥን ስርጭት መብት ነው፤ ጨዋታው ካልተካሄደ ገንዘቡ ይመለሳል። ሌላው ቀርቶ ዘግይቶ ተጠናቆ እንኳ ለስርጭት ባለመብቶች ወደ 330 ሚሊዮን ፓውንድ ተመላሽ እንደሚደረግ ተዘግቧል። የሊግ ዋን ክለብ ግን በአመዛኙ የሚኖረው በር ላይ በሚቆረጥ ትኬት ነው። በዝግ ስታዲየም ሲጫወት ለምርመራና ለደመወዝ ያወጣል እንጂ የሚያስገባው የለም። ስለዚህ አንዱ ለመዳን መጫወት ነበረበት፣ ሌላው ለመዳን አለመጫወት።

በሌላው አውሮፓ እያንዳንዱ ሊግ የየራሱን መንገድ ያዘ። ጀርመን ከትልልቆቹ ቀድማ ግንቦት 8 ወደ ሜዳ ተመለሰች። ፈረንሳይ ሊጉን ዘግታ ፓሪ ሳን ዠርማን ሻምፒዮን ነው አለች፤ አሥር ጨዋታ የቀረው አሚየንም ወረደ። ሆላንድ ሻምፒዮንም ወራጅም አዳጊም የለም ብላ ወሰነች፤ በዚህም የሁለተኛው እርከን መሪ ካምቡር ባለበት ቀረ። ካምቡር በቀጣዩ ዓመት እንደገና አንደኛ ወጥቶ አደገ። እልህ ይሏል ይሄ ነው።

መጨረሱም ቢሆን ያለ ጣጣ አልሆነም። ፕሪሚየር ሊጉ ሰኔ 10 ሲመለስ በስታዲየም ውስጥ የሚፈቀደው ሰው 300 ገደማ ብቻ ነበር። ተጫዋቾች በሳምንት ሁለቴ ይመረመራሉ፣ የሚቀየሩት ተጫዋቾች ከሦስት ወደ አምስት ከፍ ብለዋል፣ በየአጋማሹ የውሃ ዕረፍት አለ። ከሁሉ የከፋው የውል ጉዳይ ነው። የተጫዋቾች ኮንትራት በአብዛኛው የሚያበቃው እ.ኤ.አ. ጁን 30፣ ማለትም ሰኔ 23 ነው፤ ውድድሩ ግን እስከ ሐምሌ 19 ተገፋ። ፊፋ ውሎች እንዲራዘሙ ሐሳብ ቢያቀርብም ማስገደድ አይችልም ነበር። የቦርንማውዙ ክንፍ ተጫዋች ራያን ፍሬዘር ውሉን ለቀሪዎቹ ጨዋታዎች ብቻ ማራዘም አልፈለገም፤ ላለመውረድ የሚታገለውን ክለብ በመጨረሻው ሰዓት ተለየው። ቦርንማውዝ በአንድ ነጥብ ወረደ።

የዚያችን አንድ ነጥብ ነገር ካነሳን አይቀር፣ ውድድሩ እንደገና በተጀመረበት በመጀመሪያው ጨዋታ የአስቶን ቪላው በረኛ ኳሷን ይዞ የግብ መስመሩን አልፎ ገባ። የሼፊልድ ዩናይትድ ተጫዋቾች ግብ ነው ብለው ጮኹ። ኳስ መስመሩን ስታልፍ የሚያሳውቀው የዳኛው ሰዓት ግን ዝም አለ፤ ኳሷን የሚከታተሉት ሰባቱም ካሜራዎች በተጫዋቾችና በግቡ ቋሚ ተከልለው ነበር። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። ቪላ በ35 ነጥብ ተረፈ፣ ቦርንማውዝ በ34 ወረደ። ግቡ ተቆጥሮ ውጤቱም እንደዚያው ቢያልቅ ኖሮ ነጥባቸው እኩል ሆኖ ቦርንማውዝ በግብ ክፍያ ይተርፍ ነበር።

ባዶ ስታዲየም ራሱ ጨዋታውን ቀይሮታል። ቀጣዩ የውድድር ዘመን አብዛኛው ያለ ተመልካች ነበር የተካሄደው። በዚያ ዓመት ከሜዳቸው ውጪ የተጫወቱ ቡድኖች 153 ጊዜ ሲያሸንፉ ባለሜዳዎች ያሸነፉት 144 ጊዜ ነው፤ በእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ ታሪክ እንግዳው ከባለሜዳው በልጦ አያውቅም ነበር። በአንፊልድ በ68 የሊግ ጨዋታ ያልተሸነፈው ሊቨርፑል እዚያው ሜዳ ላይ በተከታታይ ስድስት ጊዜ ተረታ። እርግጥ ተከላካዮቹ ተጎድተውበት ነበር፣ ሁሉንም በወንበሩ ባዶነት ማሳበብ አይቻልም። ተመራማሪዎች ያገኙት ግን ደጋፊ በሌለበት ዳኞች ለእንግዳው ቡድን የሚያሳዩት ቢጫ ካርድ መቀነሱን ነው። የሕዝብ ጩኸት ተጫዋቹን ብቻ ሳይሆን ፊሽካ የያዘውንም ይገፋል ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከሁሉም የጠነከረውን ውሳኔ ወሰደ። ፌዴሬሽኑ ሚያዝያ 2012 ሊያልቅ ሲል የዓመቱን ውድድር ሙሉ በሙሉ ሰረዘ። ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅ የለም፣ ወደ አፍሪካ መድረክ የሚሄድ ክለብ የለም። ከላይ ያየነው የገንዘብ ነገር እዚህም ይሠራል። ሊጉ ያኔ የስርጭት መብቱን ሸጦ የሚያገኘው ገቢ አልነበረውም፣ አብዛኞቹ ክለቦችም የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። ጨርሱ ብሎ የሚገፋ ባለመብት በሌለበት መሰረዝ ብዙ አያስከፍልም፤ የሚከፍለው ያኔ ከላይ የነበረው ክለብ ነው።

በ2013 ነገሩ ተገለበጠ። ዲኤስቲቪ ሊጉን በቀጥታ ማሰራጨት ጀመረ፣ ወረርሽኙም ገና አላለፈም ነበር። ስለዚህ በትግራይ ጦርነት ምክንያት የክልሉ ሦስት ክለቦች በሌሉበት፣ 13ቱ ቡድኖች በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ በአንድ ከተማ ተሰባስበው ከርመው ወደ ሌላው የሚሸጋገሩበት አሠራር መጣ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው፣ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን የኮከብ ግብ አግቢነት ክብረ ወሰን የሰበረው በዚህ አሠራር ነው። የሻምፒዮኑ ከተማ ጎንደር አስተናጋጅ ከነበሩት አምስት ከተሞች መካከል አልነበረችም።

ለጥንቃቄ የመጣው አሠራር ጭምብሉ ከወለቀ በኋላም ለዓመታት ቀጠለ። የስርጭት ካሜራ በየሳምንቱ በየከተማው ማዞር ይከብዳል፣ ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ ያላቸው ከተሞችም ጥቂት ነበሩ። የደርሶ መልስ ውድድር በስም ነበር፤ ከአስተናጋጁ ከተማ ክለብ በቀር ግን ባለሜዳና እንግዳ የሚለያዩት በመርሐ ግብሩ ወረቀት ላይ ነበር።